የማጥፊያው ሰዓት

ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.
ሰቆጣ

ምስራቅ፣

አባትሽ ትናንትም ወደ ሞተር ቤቱ ሄዱ።

ይበላሉ ወይ ላልሽው፣ ይበላሉ። ጎረቤታቸው ሸጌ ማታ ማታ ትልክላቸዋለች፤ ሳህኑ ባዶውን ነው የሚመለስላት። ይተኛሉ ወይ ላልሽው ግን አላውቅም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲገባ ያስቸግረኛል። አንቺ ስለ ራስሽ ምንም አልጻፍሽም። ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በቆረም በኩል የመጣው የመስመር መብራት ከመስከረም ጀምሮ ቀንም ሌሊትም አለ። የከተማው ሞተር ሥራ ፈቷል። አቶ ወርቅአገኘሁ፣ የመብራት ቢሮው ኃላፊ፣ የአባትሽን እጅ ጨብጦ "ከእንግዲህ ይረፉ አያ አጥናፉ፣ ቁልፉንም ያስረክቡን" አላቸው። እሺም እምቢም አላሉም። ፀሐይ ስትጠልቅ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ሞተሩን ያስነሳሉ። ከተማው የሚበራው በመስመሩ ስለሆነ ሞተሩ ለማንም አያበራም፤ እንዲሁ ይጮኻል። የማጥፊያው ሰዓት ሲደርስ እንደ ድሮው የናፍጣውን እጀታ ሦስት ጊዜ ዝቅ ከፍ ያደርጋሉ። ድሮ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ሦስት ጊዜ ደብዘዝ ይልልን እንደነበረው፣ አሁን ድምፁ ሦስት ጊዜ ወረድ ይላል። ከዚያ አጥፍተው ቆልፈው ወደ ቤት። ለማን እንደሚያደበዝዙ ጠየቅኋቸው። "እህ" አሉኝ።

የኔንም ጉዳይ ልንገርሽ። ምንዋጋውን አታውቂውም፤ ካንቺ በኋላ ከዝቋላ የመጣ ተማሪ ነው። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ረጅም ፕሮግራም ጻፈ። ውስጡ "ቁጥሩ አሥር እስኪሞላ ዙር" የሚል አለበት፤ ቁጥሩን የሚጨምረውን መስመር ግን ረሳው። እንግዲህ አሥር አይሞላም፤ ይዞራል። በእናንተ ጊዜ ይህ ምንም አልነበረም። አባትሽ ሦስት ጊዜ ሲያደበዝዙ ሁላችሁም የጻፋችሁትን ዲስክ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ መብራቱ ይጠፋል፤ የሚዞረውም ያኔ ይቆማል። ስለ ማቆሚያ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላስተማርኩ። አሁን የሚያስታውሰው ስለሌለ ምንዋጋው ሳያስቀምጥ አስነሳው። ከኪቦርዱ ኮንትሮልና ብሬክ አንድ ላይ ተጫንን፤ አይሰማም። ማሽኑን ብናጠፋው የጻፈው ሁሉ ይጠፋል።

ስለዚህ አላጠፋነውም። ላዩ ላይ "አይነካ" ብለን ለጥፈን መልስሽን እንጠብቃለን። መብራት እንደሆነ አሁን አይጠፋም። ከውጭ ሆኖ የሚያቆሙበት መንገድ ካለ ጻፊልኝ።

መምህርሽ ትእዛዙ


ኅዳር 3 ቀን 1997 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ጋሽ ትእዛዙ፣

እንደምን ሰነበቱ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ በቶሎ ደርሶኛል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለምንዋጋው የምነግረው ጥሩ ነገር የለኝም። አሁን የሚዞረውን ማዳን አይቻልም፤ ያጥፉት። እንደ እኛዎቹ ባሉ አሮጌ ማሽኖች ላይ ኮንትሮልና ብሬክ ሲጫኑ ማሽኑ ፕሮግራሙን ይዞ አያስቆመውም። "ትፈለጋለህ" የሚል ምልክት ብቻ ያኖርለታል። ምልክቱ የሚታየው ደግሞ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር ሲነጋገር ነው፤ ስክሪን ላይ አንድ ነገር ሲጽፍ ወይም ከኪቦርድ ሲያነብ። የምንዋጋው ፕሮግራም ግን እየዞረ አንድም ነገር አይጽፍም፣ አንድም ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ ምልክቱ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ቢደጋግሙትም ያው ነው።

ከእንግዲህ በሚዞረው ውስጥ አንድ ነገር የሚጽፍ መስመር ያስገቡበት። ብዙ አይሁን፤ ነጥብም ትበቃለች። ሲናገር ይሰማል። ከማስነሳታቸው በፊት ደግሞ ያስቀምጡ። አሁን አባቴ አያስታውሳቸውም።

ሥራ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ደህና ነው። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ለኅዳር ጽዮን እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ አልችልም። እባክዎ አባቴን ቁልፉን ስጥ ብለው እርስዎም አይጫኑት። እንደጠየቅሁዎትም አይንገሩት፤ ሰው ስለሱ ሲጠይቅ አይወድም። መልሱን በአዲሱ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይላኩልኝ።

ምስራቅ አጥናፉ


ታኅሣሥ 4 ቀን 1997 ዓ.ም.
ሰቆጣ

ምስራቅ፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ ማሽኑን ቆሞ አገኘው። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ አመሻሽ ላይ መስመሩ ተቋረጠ፤ የምንዋጋውም አብሮ ሄደ። ልጁ ጥቁሩን ስክሪን እያየ "የድሮው መብራት ይሻል ነበር፤ ሊጠፋ ሲል ይነግረን ነበር" አለ። ትርፌ የምትባል የክፍሉ ልጅ "አንተን እኮ እናትህም ካልነገሩህ እራትህን አትበላም" አለችው። አሁን ሁሉም ነጥብ ያስገባሉ። ስክሪኑ በነጥብ ይሞላል፤ ሲጫኑት ይቆማል። አመሰግናለሁ።

በኋላ በላክሻት ካርድ ላይ "የሚደብቁኝ ነገር አለ" ያልሽው እውነት ነው። ላልጽፈው አስቤ ነበር።

የዚያን እሁድ መስመሩ ሲቋረጥ ሰው ሁሉ "አያ አጥናፉ አሉልን" አለ። እውነትም ሞተሩ ተነሣ። ከየቤቱ እልልታ ተሰማ። እኔም አንጋጥጬ አምፖሌን አየሁ። አልበራም። የማንም አልበራም። የከተማው ሽቦ ከሞተር ቤቱ ምሰሶ ተፈትቶ ወደ መስመሩ ከተዞረ ቆይቷል፤ ለእሳቸው የነገራቸው የለም። እኔም አላውቅም ነበር። ሰዉ ተሰብስቦ በሩ ድረስ ሄደ። አንዱ ጠጥቶ ኖሮ "አያ አጥናፉ፣ ዘፈኑስ ደርሶናል፣ ሙሽራዋ የት አለች?" አለ። ተሳቀ። አባትሽ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናግረው በሩን ከውስጥ ዘጉት። ምን እንዳሉ የሰሙት አልተረጎሙልኝም።

ከዚያ ወዲህ አያጠፉም። የማጥፊያው ሰዓት ይደርሳል፤ ያልፋል። ሞተሩ ውስጡ ያለው ናፍጣ እስኪያልቅ ይጮኻል፤ ሲነጋ ከበርሜሉ ቀድተው ይሞሉታል። ወደ ቤትም ብዙ አይመጡም፤ ሸጌ ሳህኑን እዚያ ድረስ መላክ ጀምራለች። ጎረቤት ቢሮ ሄዶ አመለከተ። ባለፈው ሐሙስ አቶ ወርቅአገኘሁ ሁለት ፖሊስ ይዞ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"አያ አጥናፉ፣ ሞተሩ መስመር ላልደረሰባት ለኒሯቅ ተመድቧል። ከጥምቀት በኋላ መኪና ይመጣል። ቁልፉን ካልሰጡን በሩን እንሰብራለን።"

"እህ።"

"እሺ ነው እምቢ?"

"እህ።"

"ሰውዬው ጆሯቸው አይሰማም እንዴ?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ከአንተ ይሻላል" አልኩት። አልወደደውም።

በሩ ከተሰበረ አባትሽ ከውስጥ ናቸው። ከተማው ሲያበሩለት የኖሩትን ሰው በፖሊስ ሲወጡ ሊያይ ነው። ከዚያ በፊት ብትመጪ ጥሩ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። ከአንቺ ሌላ የሚሰሙት ሰው ያለ አይመስለኝም።

የደብዳቤሽ ፖስታ የመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም የለበትም። የሳጥን ቁጥሩም ሌላ ነው። አልጠየቅሁም።

ትእዛዙ


ታኅሣሥ 14 ቀን 1997 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ጋሽ ትእዛዙ፣

አልጠየቅሁም ስላሉኝ እነግርዎታለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ እዚያ መሥሪያ ቤት አይደለሁም።

የደንበኞችን የሂሳብ ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ስሞቹን ተራ በተራ እያነበበ ያትማል። ቅዳሜ ከሰዓት አስነሥቼው ወጣሁ። ሰኞ ስንገባ የማተሚያው ወረቀት፣ ያ ተያይዞ የሚወጣው፣ አልቆ ወለሉን ሸፍኖታል። ሁሉም ላይ ያለው የአንዲት ሴት ስም ነው፤ ወለተጊዮርጊስ፣ ወለተጊዮርጊስ። ወደሚቀጥለው ስም የሚያሳልፈውን መስመር ረስቼ ነበር። እሱስ ማንም ይረሳል። ማቆሚያም አልነበረውም። ሁለት ቀን ሙሉ እየተናገረ ነበር፤ አጠገቡ የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም።

ኃላፊው ብዙ አልተቆጣም። "ይሄ እንዲቆም ያሰብሽው በምን ነበር?" አለኝ።

"በመብራት" አልኩት። አስቤ አልመለስኩም፤ ከአፌ ወጣ።

"በየትኛው መብራት?"

"ማታ በሚጠፋው።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እንዲገባቸው ብዬ ስለ ሞተሩ፣ ስለ አባቴ፣ ሦስት ጊዜ ስለማደብዘዙ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ባልናገር ይሻል ነበር። ከዚያ በኋላ በኮሪደር ሳልፍ አንዱ አምፖሉን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ያበራና "ሰቆጣ! ጊዜው ደርሷል፣ አስቀምጪ!" ይለኛል። ክፋት አልነበረውም፤ ሻይ ሁሉ ይጋብዘኝ ነበር። ያባረረኝም የለም። አንድ ቀን ቀረሁ። በማግስቱም ቀረሁ። ከዚያ መመለስ አስቸጋሪ ሆነ።

አሁን አራት ኪሎ አንድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ እተይባለሁ። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ችግሩን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። እሁድ ቤቱ ዝግ ነው። እሁድ እሁድ ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር ይመሻል።

የማልመጣው ለዚህ ነው። አባቴ ገና ሲያየኝ "ሥራሽስ?" ይለኛል። ለሱ መዋሸት አልችልም፤ እውነቱን ደግሞ እንዴት ብዬ? በገዛ እጁ ሲያጠፋልኝ ስለኖረ ነው ማቆም ያልለመድኩት ልበለው?

በሩ ሳይሰበር አንድ ነገር ያድርጉልኝ ጋሽ ትእዛዙ። ይህን ግን አይንገሩት።

ምስራቅ


ጥር 2 ቀን 1997 ዓ.ም.
ሰቆጣ

ምስራቅ፣

አልነገርኳቸውም።

ስለ ሥራሽ የምመክርሽ የለኝም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ቀደድኩት። የአባትሽን ልጻፍልሽ።

በገና ማግስት አመሻሹ ላይ ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ አልከፈቱም። "ቁልፍ ፈልጌ አይደለም" ብዬ ስጮህ ከፈቱልኝ። በርሜል ገልብጠው አስቀመጡኝ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መሰማማት የምንችለው ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተን ነው። ከዚህ ቀደም የሄድኩት ሁሉ ልነግራቸው ነበር፤ ይብቃዎት፣ ያጥፉት፣ ይረፉ። ያን ቀን ያን ሁሉ ተውኩት።

"አያ አጥናፉ፣ ድሮ የማጥፊያው ሰዓት ሲደርስ እዚህ ይመጣ የነበረው ማን ማን ነበር?" አልኳቸው።

"እህ" ሊሉኝ ነበር፤ ሲጀምሩት አይቻለሁ። ከዚያ ተዉት።

"ማን ያልመጣ አለ?" አሉ። "ሚስቱ ምጥ የያዛት ይመጣል፣ መብራቱን አቆይልኝ ብሎ። ሬሳ ቤቱ ያደረበት ይመጣል። ሰርገኛም ይመጣል፤ እሱ ብርሌውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ እኔ በሥራ ሰዓት አልጠጣም እለውና ለጠዋት አስቀምጠዋለሁ። ቄስ ደብሬ አንድ ጊዜ መጥተው መነጽራቸውን እስካገኝ አቆይልኝ አሉኝ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር።" ሳቁ። ሲስቁ ካየሁ ቆይቻለሁ። "ተማሪዎቻችሁም ይመጣሉ፣ ትንሽ ያቆዩልን እያሉ። አቆይላቸው ነበር። አልተፈቀደልኝም፤ ግን አቆይ ነበር።"

"ለምስራቅ ብቻ ነው አንድም ቀን ያላቆየሁት" አሉ። "ለልጁ የመንግሥት ናፍጣ ያቃጥላል እንዳይሉኝ። እዚያ በር ላይ ቆማ እያየችኝ ነበር የማጠፋው። አንድ ቃል አትናገረኝም። ቀድማኝ ቤት ትደርስና እግሬን ታጥበኛለች።"

ይህን ለአንቺ መጻፍ ይኖርብኝ እንደሆነ አላውቅም። አትጻፍ አላሉኝም።

"አሁን የሚመጣ የለም" አሉ ቀጥለው። "ቢመጣስ ብዬ ነው እንጂ።"

ያኔ ነው ያልኳቸው። "ኒሯቅ ሞተሩን የሚያስነሳ ሰው አላገኙም።"

"ማን አለ?"

"ወርቅአገኘሁ።"

"ለኔ ለምን አይነግረኝም?"

"ሲያናግርዎት እህ ነው የሚሉት።"

"እሱ መቼ አናገረኝ? ቁልፍ ነው የጠየቀኝ።"

ወደ ሞተሩ ዞሩ። "ኒሯቅ ሙቀት ነው" አሉ።

"ነው።"

"ይሄ ሞተር ሙቀት አይወድም። ውሃውን የሚያይለት ሰው ከሌለ በሳምንቱ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቀራል።"

ተነሡ። የማጥፊያው ሰዓት ገና ነበር። እጀታውን ሦስት ጊዜ ዝቅ ከፍ አደረጉና አጠፉት። ጸጥ ሲል የሸጌ ፍየሎች ተሰሙ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሄዱ። አቶ ወርቅአገኘሁ ደነገጠ እንጂ አልጠላም፤ ራሱ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው አሉ። መኪናው ጥር 16 ጠዋት ይነሣል። አባትሽ ከሞተሩ ጋር ይሄዳሉ። ሞተሩን ካስነሱላቸው በኋላ የሚመለሱ እንዳይመስልሽ፤ ኒሯቅ መኖሪያቸው ሊሆን ነው። እዚያ ስልክ የለም። ደብዳቤም የሚሄደው መንገደኛ ሲገኝ ነው።

ያን ማታ ስወጣ በሩ ድረስ ሸኙኝ። "አዲስ አበባ መብራት አይጠፋም ይላሉ" አሉኝ። "የሷን ማን ያቆምላታል?"

መልሱን አውቀው ነበር፤ አልመለስኩም። አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል። መምጣት ካልቻልሽ ጻፊላቸው፤ አነብላቸዋለሁ። ብዙ አይሁን፤ ያንቺው ነጥብ ትበቃለች። ከጥር 16 በፊት ይድረስ።

ትእዛዙ


ጥር 16 ቀን 1997 ዓ.ም.
ሰቆጣ፣ ፖስታ ቤት

ምስራቅ፣

ያንቺ መልስ ሳይደርስ መኪናው ደረሰ። ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤት ቆሜ ነው፤ ጠዋት ነው፤ ይታየሽ የምትባለው የፖስታ ሠራተኛ ገና መጋዘኗን እየከፈተች ነው።

ሞተሩን ትናንት ጫኑት። በሩ አልተሰበረም። አባትሽ በገዛ እጃቸው ከፈቱት፤ ጫኞቹን ሲቆጡ ዋሉ። "ቀስ! እሱ ጤፍ አይደለም!" ይላሉ። ሙሽራዋ የት አለች ያለው ሰውዬ ገመድ ሊያቀብል መጥቶ ነበር። "አንተ ዞር በል፣ ሚዜ አልጠራንም" አሉት። አብሮ ሳቀ፤ ገመዱንም አስተካክሎ አሰረላቸው። ማታ ከእኔ ጋር በላን። ስላንቺ ምንም አላነሡም። ልንሰነባበት ስንል "ከፖስታ ቤት የመጣ የለም?" አሉኝ። "የለም" አልኩ። "ሥራ ይዟት ይሆናል" አሉ። አንቺን አልወቅስም፤ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ደብዳቤዬም ዘግይቶ ደርሶሽ ይሆናል። የኒሯቅ አድራሻቸውን ከዚህ ግርጌ

ጽሑፌን አቋርጫለሁ። ይታየሽ የትናንቱን ከረጢት ፈታችና "ጋሼ፣ የርስዎም አለበት" ብላ ያንቺን ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። በከተራ ዕለት የጻፍሽው ነው። "እሁድ እነሣለሁ፣ ወልድያ አድሬ ሰኞ ማታ ሰቆጣ እገባለሁ፤ እስክደርስ ምንም አይንገሩት፣ ራሴ እነግረዋለሁ" ይላል።

ዛሬ ሰኞ ነው።

መኪናው ተነሥቷል። ድምፁ ከሞተር ቤቱ በኩል እየመጣ ነው፤ ወደ ኒሯቅ የሚወጣው በዚሁ በፖስታ ቤቱ በር ነው። መንገዱ መሃል ቆሜ እስከ ማታ ያቆዩት እላቸዋለሁ። ለማን ነው ይሉኛል። ለምስራቅ ነው እላለሁ። ምን እንደሚመልሱልኝ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ብልከው የሚቀበለው የለም። ይታየሽ ቴምብሩን ቆርጣ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ዋጋውንም አልሰጠኋት። ድምፁ ቀረበ። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።